የነፃ ሶፍትዌር ዋጋ፦ ጥቅል ማዘጋጀትና የሕዝብ መዋጮ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በትምህርት ክፍላችን የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የቤተ ሙከራ ልኬቶቻቸውን የሚመዘግቡበት አንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት እንዲኖረን ፈለግን። ተማሪው የፔንዱለሙን ገመድ ርዝመትና የውዝወዛውን ጊዜ ለክቶ በወረቀት ከመጻፍ ይልቅ በቀጥታ ወደ ሥርዓቱ ያስገባል፤ መምህሩም በቢሮው ሆኖ ያያል፤ ያርማል። ለዚህ የሚሆን የክፍት ምንጭ ፕሮግራም ፈልገን አገኘን። ዋጋው ዜሮ ነበር። ከኢንተርኔት ለማውረድ 20 ደቂቃ ፈጀብን። በሰርቨራችን ላይ አስተካክሎ ለማሠራት ግን አንድ ረዳት ሌክቸረር ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌት ተቀን ደከመበት።

ሥርዓቱ ሁለት ዓመት በመልካም ሁኔታ አገለገለ። ከዚያም ያ ረዳት ሌክቸረር ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ሄደ። እኔም የቀረሁት ኃላፊ እንደመሆኔ የሰርቨሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስላረጀ በአዲስ እንዲተካ አዘዝሁ። በማግስቱ ፕሮግራሙ አልነሣም አለ። ከሁለት ወር ጥረት በኋላ ከመረጃው አብዛኛውን ለማዳን ብንችልም፣ በአንድ መንፈቀ ዓመት የተሠራ ልኬት በሙሉ ጠፍቶ ቀረ። ከጠፉት ልኬቶች መካከል ለአንዲት ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ መሠረት የሆኑ ይገኙባቸው ነበር፤ ተማሪዋም ጓደኞቿ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እርሷ በክረምቱ ሙከራውን እንደገና ለመሥራት ተገደደች። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ደራሲዎች አልነበረም። የእኔ ነበር። በነፃ ያገኘሁትን ነገር ወጪ የሌለው አድርጌ ቆጥሬው ነበርና።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው በዚያ ጊዜ ሳልረዳው የቀረሁትን ነገር ነው። ይኸውም ክፍት በሆነ ኮድና በሚሠራ ሥርዓት መካከል "ጥቅል ማዘጋጀት" የሚባል ሥራ እንዳለ፣ ይህ ሥራ ለምን እንደሚከብድ፣ ወጪውንም በሕዝብ መዋጮ ለመሸፈን የተደረጉ ሙከራዎች ምን እንዳስተማሩን ነው።

በራስ ሰርቨር ማስተናገድ

እንደሚታወቀው ዛሬ አብዛኞቻችን ደብዳቤያችንን፣ ፎቶግራፋችንን፣ የጋራ ሰነዶቻችንን የምናስቀምጠው በሌሎች ሰዎች ኮምፒዩተር ላይ ነው። እነዚህ ኮምፒዩተሮች በታላላቅ ኩባንያዎች ይዞታ ሥር በሌላ አገር ይገኛሉ። አገልግሎቱ ምቹ ነው፤ ብዙ ጊዜም ገንዘብ አይጠየቅበትም። ነገር ግን ኩባንያው አገልግሎቱን ለመዝጋት ወይም ደንቡን ለመለወጥ ሲወስን የተጠቃሚው ድርሻ ማስታወቂያውን አንብቦ መቀበል ብቻ ነው።

ከዚህ የተለየው መንገድ በራስ ሰርቨር ማስተናገድ ነው። አንድ ተቋም ወይም አንድ ግለሰብ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ደብዳቤውን፣ የሰነድ ማከማቻውን፣ የቀን መቁጠሪያውን ራሱ ያስተዳድራል። ኢንተርኔት ሲጀመር የነበረው አሠራር ይኸው ነበር። በጄኔቭ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን የዌብን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1993 ለሕዝብ በነፃ ሲለቅቅ፣ የታሰበው እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲና ቤተ ሙከራ የየራሱን ሰርቨር እንዲያቆም ነበር። የፊዚክስ ሰዎች ይህን ማስታወስ ይገባናል፤ ዌብ የተወለደው በእኛ ሰፈር ነውና።

በራስ ሰርቨር የማስተናገድ ጥቅም ለእኛ ዓይነቱ ተቋም በተለይ ጎልቶ ይታያል። ወደ ውጭ የሚያገናኘው መስመር ሲቋረጥ በግቢው ውስጥ ያለው ሰርቨር በግቢው መረብ ሥራውን ይቀጥላል። የተማሪዎች ውጤትና የምርምር መረጃም ከተቋሙ እጅ አይወጣም። በሌላ በኩል ግን የመብራት፣ የጥገናና የጥበቃ ኃላፊነቱ ሁሉ በባለቤቱ ጫንቃ ላይ ያርፋል። የዚህ ኃላፊነት ዋነኛው ክፍል ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው።

ጤፉና እንጀራው

አንድ ወዳጅዎ አንድ ኩንታል ጤፍ በስጦታ ሰጠዎት እንበል። ስጦታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ጤፉ መነፋት፣ መፈጨት፣ መቦካት፣ በምጣድ መጋገር አለበት፤ እርሾም ምጣድም ያስፈልጋል። እንግዳ ደጅ ቆሞ ሳለ ጤፍ አለኝ ማለት እንጀራ አለኝ ማለት አይደለም። የክፍት ምንጭ ኮድም እንዲሁ ነው። ደራሲዎቹ የሚለቅቁት ጤፉን ነው። እንጀራ አድርጎ የሚያቀርበው ጥቅል አዘጋጁ ነው።

ጥቅል ማለት ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ አቀናጅቶ በአንድ ትእዛዝ እንዲተከል የሚያደርግ ዝግጅት ነው። ሐሳቡ በሊኑክስ ዓለም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቅሎችን ይንከባከባል። በዴቢያን ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ዩኖሆስት ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ በተለይ በራስ ሰርቨር ለማስተናገድ ለሚፈልጉ ሰዎች አቅርቦታል። ተጠቃሚው ከዝርዝሩ ውስጥ የሚፈልገውን ፕሮግራም መርጦ ቁልፉን ይጫናል፤ የተቀረውን ጥቅሉ ይሠራል።

በአንድ የዩኖሆስት ጥቅል ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በመጀመሪያ የፕሮግራሙን ስም፣ እትሙንና የሚያስፈልጉትን ነገሮች የሚገልጽ ሰነድ አለ። ቀጥሎ አምስት መሠረታዊ የትእዛዝ ጽሑፎች ይገኛሉ፦ አንዱ ይተክላል፤ አንዱ ይነቅላል፤ አንዱ ወደ አዲስ እትም ያሸጋግራል፤ አንዱ የመጠባበቂያ ቅጂ ያዘጋጃል፤ አንዱ ደግሞ ከቅጂው መልሶ ያቋቁማል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከአምስቱ ውስጥ ፕሮግራሙን መትከል አንዱ ብቻ ነው። የእኛ ረዳት ሌክቸረር በሦስት ሳምንት የሠራው ይህንኑ አንዱን ነበር። ማሸጋገሩን፣ ቅጂውንና መልሶ ማቋቋሙን ማንም አልሠራውም፤ እኔም እንዲሠራ አልጠየቅሁም።

ሥራው ለምን ይከብዳል?

ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የቁጥር ነው። አንድ የዌብ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የዌብ ሰርቨር፣ የመረጃ ቋት፣ የፕሮግራም ቋንቋ ማስኬጃና ልዩ ልዩ የኮድ ስብስቦች ያስፈልጉታል። እነዚህን አምስት እንበላቸው፤ እያንዳንዳቸውም በአንድ ጊዜ ሦስት እትሞች በሥራ ላይ አሏቸው እንበል። ሊገጥሙ የሚችሉት ቅንብሮች 3 በ3 አምስት ጊዜ ሲባዛ 243 ይሆናሉ። የፕሮግራሙ ደራሲ ምናልባት በሁለቱ ወይም በሦስቱ ላይ ሞክሮት ይሆናል። ጥቅል አዘጋጁ የሚሠራው ይህን ሰፊ የዕድል ሜዳ ወደ አንድ የተፈተነ ቅንብር ማጥበብ ነው። አንደኛው ክፍል እትሙን በለወጠ ቁጥር ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ሁለተኛው ምክንያት የደኅንነት ነው። ለዚህ ከዴቢያን ታሪክ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦፕንኤስኤስኤል የተባለውን የምስጠራ ሶፍትዌር ለዴቢያን ሲያዘጋጁ፣ አንድ የግድፈት መፈለጊያ መሣሪያ በኮዱ ውስጥ አጠራጣሪ መስሎ የታየውን ቦታ አመለከተ። ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋ ሲባል ጥቂት የኮድ መስመር ከሥራ ውጭ ተደረገ። ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው መሥራቱን ቀጠለ፤ ማንም ልዩነት አላየም።

ነገር ግን ከተወገደው መካከል የምስጠራ ቁልፍ ሲሠራ የዘፈቀደ ቁጥሮችን ወደ መቀላቀያው የሚያስገባው መስመር ይገኝበት ነበር። የፊዚክስ ተማሪ ይህን በኤንትሮፒ ቋንቋ ይረዳዋል። ጥሩ ቁልፍ ማለት ሊሆን ከሚችለው እጅግ ብዙ ሁኔታ ውስጥ በዘፈቀደ የተመረጠ አንድ ሁኔታ ነው። ከለውጡ በኋላ ለዘፈቀደው ምንጭ ሆኖ የቀረው ኮምፒዩተሩ ለሥራው የሰጠው ተራ ቁጥር ብቻ ሆነ። ያ ቁጥር ደግሞ ቢበዛ 32,768 ገደማ ዋጋዎች ብቻ ነበሩት፤ ይኸውም 2 በራሱ 15 ጊዜ ሲባዛ ማለት ነው። በሰከንድ አንድ ቁልፍ ብቻ የሚሞክር ሰው እንኳ ሁሉንም በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሞክሮ ይጨርሳል። ግድፈቱ በሉቺያኖ ቤሎ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ይፋ እስኪሆን ድረስ በዓለም ዙሪያ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። የተሠሩት ቁልፎችም ሁሉ ተጥለው በአዲስ መተካት ነበረባቸው።

ይህን የማነሣው ጥቅል አዘጋጆችን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም ግድፈቱን አግኝቶ በግልጽ የተናገረውና ያረመው ያው ማኅበር ነው። ለማሳየት የፈለግሁት ጥቅል ማዘጋጀት የደራሲውን ሥራ በካርቶን እንደ መክተት ያለ ቀላል ሥራ አለመሆኑን ነው። ኮዱን በቅጡ መረዳትን፣ ጊዜንና የሁለተኛ ሰው ዓይንን ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ወጪ ናቸው።

ማን ይክፈል?

አሁን ወደ ኢኮኖሚው እንመለስ። አንድ ጥሩ ጥቅል ለማዘጋጀት 4,000 ዶላር ያስፈልጋል እንበል። በጥቅሉ የሚጠቀሙ 200 ተቋማት ቢኖሩና ለእያንዳንዱ የሚያስገኘው ጥቅም 30 ዶላር ቢሆን፣ ጠቅላላው ጥቅም 6,000 ዶላር ነው። ሥራው እንደሚያዋጣ ግልጽ ነው። ሆኖም አንድም ተቋም ብቻውን 4,000 ዶላር አያወጣም። ጥቅሉ አንዴ ከተዘጋጀ ያልከፈለውም እኩል ስለሚጠቀምበት፣ እያንዳንዱ ሌላው እስኪከፍል ይጠብቃል። ሁሉም ሲጠብቅ ጥቅሉ ሳይሠራ ይቀራል።

አባቶቻችን "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብለዋል። ሁለት መቶው ተቋማት እያንዳንዳቸው 20 ዶላር ቢያዋጡ 4,000ው ይሞላል፤ ሁሉም አትራፊ ይሆናል። ችግሩ የመጀመሪያው አዋጪ ሌሎቹ ባይከተሉትስ ብሎ መስጋቱ ነው። ለዚህ የተገኘው ብልሃት ቀላል ነው። መዋጮው አስቀድሞ ከተወሰነው ልክ ካልደረሰ ማንም አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ስጋቱ በዚህ ይወገዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ኪክስታርተር የሚሠራው በዚህ ደንብ ነው።

ከብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ መሰብሰብ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1885 የኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልት የሚቆምበት መሠረት በገንዘብ እጦት ሲቆም፣ የጋዜጣ ባለቤት የነበረው ጆሴፍ ፑሊትዘር አንባቢዎቹን ለመዋጮ ጠራ። ከ100 ሺህ ዶላር በላይም ተሰበሰበ፤ አብዛኛው ሰው የሰጠው ከአንድ ዶላር በታች ነበር። ነገር ግን ከሐውልት መሠረት ጋር ያለውን አንድ ልዩነት አንባቢ እንዲያስታውስልኝ አደራ እላለሁ። የድንጋይ መሠረት አንዴ ከቆመ ቆመ ነው።

ሦስት ዘመቻዎች

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር የሆኑት ኤበን ሞግለን በኒውዮርክ አንድ ንግግር አደረጉ። እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ትንሽ ሰርቨር ቢኖረው መረጃውን ለታላላቅ ኩባንያዎች አሳልፎ መስጠት እንደማያስፈልገው አስረዱ። ይህን የሰሙ አራት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲያስፖራ የተባለ ማኅበራዊ መረብ ለመሥራት በኪክስታርተር 10 ሺህ ዶላር ጠየቁ። ያገኙት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ያዋጡትም ወደ 6,500 የሚጠጉ ሰዎች ናቸው። የሕዝቡ ፍላጎት ምን ያህል እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሆኖም ተራ ሰው ፕሮግራሙን በራሱ ሰርቨር ላይ መትከል አዳጋች ሆኖበት ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም መሥራቾቹ ሥራውን ለበጎ ፈቃደኞች ማኅበረሰብ አስረከቡ።

ሁለተኛው ፍሪደምቦክስ ነው። የሞግለን ሐሳብ ተቋም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ በኪክስታርተር ከ86 ሺህ ዶላር በላይ አሰባሰበ። ይህ ፕሮጀክት የተለየ መንገድ መረጠ። የራሱን የጥቅል ዓይነት ከመፍጠር ይልቅ የሚያቀርባቸው ፕሮግራሞች በዴቢያን ውስጥ እንዲገኙ ወሰነ። ዕድገቱ አዝጋሚ ነበር፤ ምክንያቱም ዴቢያን ያላሸገውን ፕሮግራም ማቅረብ አይችልም። ነገር ግን የጥገናው ሸክም በአንድ ትንሽ ቡድን ላይ አልወደቀም። ፍሪደምቦክስ ዛሬም በሕይወት አለ።

ሦስተኛውና ለርእሳችን ይበልጥ የሚቀርበው ሳንድስቶርም ነው። መሥራቹ ኬንተን ቫርዳ ቀደም ሲል በጉግል መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት በኢንዲጎጎ በኩል በተደረገው ዘመቻ ወደ 60 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተሰበሰበ። የሳንድስቶርም ሐሳብ እጅግ የሚያምር ነበር። እያንዳንዱ ሰነድ፣ እያንዳንዱ የሥራ ሰሌዳ "ቅንጣት" ተብሎ በራሱ በታጠረ ክፍል ውስጥ ይኖራል። አንዱ ፕሮግራም ግድፈት ቢኖርበት እንኳ ጉዳቱ ከዚያ ክፍል አይወጣም። ቅንጣቱ ሲከፈት ይነሣል፤ ሲዘጋ ይተኛል። ስለዚህ ትንሽ ኮምፒዩተር ብዙ ፕሮግራም መያዝ ይችላል።

ይህ ውበት ግን ዋጋ ነበረው። አንድ ፕሮግራም በሳንድስቶርም ላይ እንዲሠራ የራሱን የመግቢያና የይለፍ ቃል ክፍል መተውና ሁሉን ሰነድ በአንድ ቋት ከመያዝ ይልቅ በቅንጣት መከፋፈል ነበረበት። እንግዲህ ጥቅል ማዘጋጀቱ ኮዱን ራሱን እስከ መቀየር የሚደርስ ሥራ ሆነ። ደራሲዎቹ በየወሩ አዲስ እትም ሲያወጡ ጥቅል አዘጋጁ ለውጡን እንደገና ያስገባል። የመሣሪያ ስርዓቱ ያለ ፕሮግራሞች ዋጋ የለውም፤ ፕሮግራሞቹ ደግሞ ያለ ጥቅል አይገቡም። ስለዚህ የጠቅላላው ሐሳብ ዕጣ ፈንታ በጥቅሎቹ ላይ ተንጠለጠለ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ኩባንያው እንደ ኩባንያ መቀጠል ስላልቻለ ባልደረቦቹ ወደ ክላውድፍሌር ተዛወሩ። በክፍያ ይሰጥ የነበረው ኦኤሲስ የተባለው አገልግሎትም በ2019 መጨረሻ ተዘጋ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ዛሬም የሚንከባከቡት በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ከጥቅሎቹ ብዙዎቹ ግን ለዓመታት ሳይታደሱ ቆይተዋል።

አንድ ግፊትና የማያቋርጥ ሰበቃ

ከሦስቱ ዘመቻዎች የምንማረውን በፊዚክስ ምሳሌ ላስረዳ። ጋሪን አንድ ጊዜ በኃይል መግፋት ይቻላል። ሰበቃ ባይኖር ጋሪው ለዘላለም ይሄድ ነበር። በእውነተኛ መንገድ ላይ ግን ፍጥነቱ ሳይቀንስ እንዲሄድ ከተፈለገ፣ በሰበቃው ልክ ሳያቋርጡ መግፋት ያስፈልጋል። የአንድ ጊዜ መዋጮ ግፊት ነው። የእትሞች መለዋወጥ ሰበቃ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ቡድን በዓመት 400 የሥራ ሰዓት አለው እንበል። አዲስ ጥቅል ማዘጋጀት 40 ሰዓት፣ የተዘጋጀውን አንድ ጥቅል መንከባከብ ደግሞ በዓመት 10 ሰዓት ይፈጃል እንበል። ቡድኑ ሲጀምር በዓመት 10 ጥቅል ያዘጋጃል የሚል ሁሉ በአራት ዓመት 40 ጥቅል ይጠብቃል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጥቅሎቹ በበዙ ቁጥር እንክብካቤው ሰዓቱን ይበላዋል። ስሌቱ ከካፓሲተር መሞላት ጋር አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 9 ያህል፣ ከአራት ዓመት በኋላ 25፣ ከስምንት ዓመት በኋላ 35 ጥቅሎች ይኖራሉ። 40 ላይ ሲጠጋ ጉልበቱ ሁሉ ለእንክብካቤ ስለሚውል አዲስ ጥቅል አይወለድም። የሥራ ሰዓቱ ካልጨመረ ወይም የእንክብካቤው ወጪ ካልቀነሰ ከ40 ማለፍ አይቻልም። ገንዘቡ ጨርሶ ሲቋረጥ ደግሞ የተዘጋጁት ጥቅሎች አንድ በአንድ ያረጃሉ።

ይህ የትንንሽ ፕሮጀክቶች ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው አደገኛ ግድፈት በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ሲገኝ፣ የዓለም ንግድ የሚመካበት ይህ ሶፍትዌር በዓመት ያገኝ የነበረው ልገሳ 2,000 ዶላር ያህል ብቻ እንደነበረ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለው የመረጃ ማመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር ተገኘ። ሶፍትዌሩን ለዓመታት የተንከባከበው በዋናነት አንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ሲሆን፣ ረዳት መስሎ የቀረበው ሰው አመኔታውን ቀስ በቀስ አግኝቶ ነው ጥፋቱን ያስገባው። ምስጢሩን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ያስጠረጠረውም ወደ ሰርቨሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ጥንቁቅ ልኬት የሚያድነው የቤተ ሙከራን ውጤት ብቻ አይደለም።

ለሠርግ መዋጮና ለእድር

መፍትሔው ምንድን ነው? መልሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ሁለት ዓይነት መዋጮ አለ። ለሠርግ የሚዋጣው ለአንድ ቀን ነው፤ ድምቀት አለው፤ ያዋጣውም ሁሉ ይታያል። ለእድር የሚዋጣው ግን ጥቂት ነው፤ በየወሩ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ምንም የሚታይ ነገር አያስገኝም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ይገኛል። አዲስ ጥቅል ማዘጋጀት ሠርግ ነው። መንከባከብ እድር ነው። እስካሁን የታዩት ታላላቅ ዘመቻዎች በአብዛኛው የሠርግ ዓይነት ነበሩ።

የእድሩን መንገድ የሚከተሉ አሠራሮች ዛሬ አሉ። ዩኖሆስት ከተጠቃሚዎቹ በሚያገኘው ልገሳና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ከአሥር ዓመት በላይ ዘልቋል። ኤንኤልኔት የተባለው የኔዘርላንድ ፋውንዴሽንም ለተለዩ ሥራዎች ድጋፍ ሰጥቶታል፤ ይህ ፋውንዴሽን ገንዘቡን የሚከፍለው በስምምነቱ የተዘረዘሩት ሥራዎች ተሠርተው ሲቀርቡ ነው። ከዚህ ሌላ ሰበቃውን ራሱን መቀነስ ይቻላል። ዩኖሆስት እያንዳንዱን ጥቅል በማሽን ይፈትናል፤ ይተክለዋል፤ ያሸጋግረዋል፤ ከቅጂ መልሶ ያቋቁመዋል፤ ይነቅለዋል፤ በውጤቱም መሠረት ደረጃ ይሰጠዋል። ከላይ ባየነው ስሌት የአንድ ጥቅል እንክብካቤ በዓመት ከ10 ሰዓት ወደ 5 ቢወርድ፣ ያው ቡድን 40 ሳይሆን 80 ጥቅል መሸከም ይችላል።

በእኛ በኩል የውጭ ምንዛሪ ለመክፈል የሚያስችል ካርድ ማግኘት ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ ስለሆነ ከዓለም አቀፉ መዋጮ ውጭ የሆንን ይመስለናል። ነገር ግን ሥራውም መዋጮ ነው። እንዲያውም ሌላው ሊያዋጣው የማይችለው ለእኛ የተተወ ሥራ አለ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም የአማርኛ ስሞችን በሀ ሁ ሂ ተራ የማይደረድሩ፣ አሥራ ሦስት ወር ያለውን የዘመን አቆጣጠራችንን የማያውቁ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ጥቅሉን በራሱ ሰርቨር ላይ ተክሎ ይህን ግድፈት አይቶ የሚያመለክት፣ ከተቻለም የሚያርም አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ለዓለሙ እድር ወርኀዊ መዋጮውን ከፍሏል ማለት ነው። ስሙም ከሥራው ጋር ተመዝግቦ ይኖራል።

በትምህርት ክፍላችን ከዚያ ጥፋት በኋላ ሁለት ነገር ለውጠናል። የመጀመሪያው፣ የመጠባበቂያና የመልሶ ማቋቋሚያ ጽሑፍ የሌለውን ፕሮግራም፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ በሰርቨራችን ላይ አንተክልም። ሁለተኛው፣ በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ አንድ ተማሪ ቅጂውን ወስዶ በባዶ ኮምፒዩተር ላይ ሥርዓቱን ከዜሮ ያቋቁማል። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ያጋጠመውን ችግርም በአንድ ገጽ ጽፎ ለሚቀጥለው ተማሪ ያስረክባል። ያቺ ክረምቱን በቤተ ሙከራ ያሳለፈችው ተማሪ ከመመረቋ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ የጻፈችው እርሷ ናት። ከገጹ አናት ላይ ያሰፈረችው ትእዛዝ እስካሁን አልተለወጠም፦ "ቅጂ አለ ብላችሁ አትመኑ፤ መልሳችሁ አቋቁሙና እዩ።"